ፓፓያ ሻጯና የልጇ ዳፍንት

ልጄ ሜሮን ቀን ቀን ዓይኗ የሚገርም ነበር። ሸዋሮቢት፣ አስፋልቱ ዳር፣ ከፓፓያ ክምሬ ጎን ተቀምጣ ከጀውሃ በኩል የሚመጣውን አይሱዙ ገና ከሩቅ በቀለሙ ትለየዋለች። ደንበኛዬ የሆነ ሾፌር ሲመጣ ከእኔ ቀድማ የምታውቀው እሷ ነበረች። ስለዚህ ሲመሽ ከበርጩማ ጋር መጋጨት ስትጀምር ዓይኗን የጠረጠረ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ እግሯን ጠረጠርን፤ ቀጥለን ጠባይዋን።

ይህን የምጽፈው አዋቂ ነኝ ብዬ አይደለም። ትምህርቴን አሥረኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ፣ ፍራፍሬ በመሸጥ የምተዳደር ሴት ነኝ። ነገር ግን በዚያን ሰሞን አንዲት እናት የደረሰባትን እንዲህ ጽፋ ባገኝ ኖሮ፣ ልጄን ይዤ ያን ያህል ባልተንከራተትኩ ነበር። ደግሞም ጥፋቴ ከስንፍና የመጣ አይደለም። ከመጠን በላይ ከመጠንቀቅ የመጣ ነው፤ እንዲህ ያለውን ጥፋት ደግሞ ሰው ቶሎ አያየውም።

ዐቢይ ጾም በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ሜሮን አራት ዓመቷን ጨርሳለች። መብራት ሄዶ ጓዳ ውስጥ ሻማ እየፈለግሁ ሳለ፣ እሷ ከደጅ ስትገባ ምድጃው አጠገብ የተቀመጠውን የሽሮ ድስት በእግሯ ገለበጠችው። ደግነቱ በርዶ ነበር። አብራን የምትኖረው አማቴ እማማ አጸደ፣ ይህች ልጅ ቅልብልብ ሆናለች፣ አደብ አስተምሪያት አለችኝ። እኔም ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ውዬ ደክሞኝ ነበርና እጇን ቀጨም አድርጌ መታኋት። አላለቀሰችም። ድስቱ የት እንዳለ አላየሁም አለችኝ። ዓይንሽ ሥር የተቀመጠ ድስት እንዴት አይታይሽም ብዬ ደግሜ ተቆጣኋት። ያቺን ቀን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ሲመሽ አንድ ነገር ይፈጠራል። ደጅ ከልጆች ጋር ስትጫወት የዋለችው ልጅ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ብቻዋን መጥታ ቀሚሴን ትይዛለች። ሽንት ቤት ሂጂ ስላት አልሄድም ትላለች። ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች ትሄዳለች። ባለቤቴ ደረጀ ፈሪ ሆናለች አለ። እማማ አጸደ ደግሞ የሰው ዓይን ነው አለች፤ ቆንጆ ልጅ አስፋልት ዳር ስታስቀምጪ ትውያለሽ፣ ስንት ዓይነት መንገደኛ ያልፋል አለችኝ። እውነት መሰለኝና ለጥቂት ቀን ቤት አስቀመጥኳት። ምንም ለውጥ አላመጣም።

አሁን ስለ አመጋገቧ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነውና።

ከሜሮን በፊት ታምራት የሚባል ወንድ ልጅ ነበረን። ሦስት ዓመት ሲሆነው፣ ማንጎ በሚበስልበት በግንቦት፣ መሸጫዬ ላይ ከእኔ ጋር ይውል ነበር። የተመታውን፣ ጠባሳ ያለበትን፣ ገዢ የሚተወውን ማንጎ እየላጥኩ እሰጠዋለሁ፤ እሱም እስከ ክንዱ እየተጨማለቀ ይበላል። አንድ ቀን ማታ አንቀጠቀጠው። በማግስቱ ትኩሳቱ ጨመረ። ወባ ነው ተባለ፤ ሆስፒታል ስናደርሰው ራሱን አያውቅም ነበር። በአራተኛው ቀን ሞተብን።

በእኛ አገር ማንጎ ወባ ያመጣል ይባላል። እሸት በቆሎም፣ ሸንኮራም እንደዚሁ። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ነው ያደግሁት፤ ግን ነጋዴ ነኝና እኔው ስሸጠው እውነት አልመስል ብሎኝ ቆይቷል። ታምራት ከሞተ በኋላ ግን አመንኩ። ለለቅሶ የመጣው ሁሉ፣ ማንጎ በልቶ ነበር እንዴ ብሎ ይጠይቃል። እኔ አዎ እላለሁ። ደረጀ መሬት መሬት ያያል። ባሌ አንድም ቀን አንቺ ነሽ አላለኝም። ባለማለቱ ግን ያለኝ ያህል ሰማሁት፤ ከአራት ዓመት በላይ ያን ያልተባለ ነገር በመሐላችን አስቀምጠን ነው የኖርነው።

ሜሮን ስትወለድ ማልኩ። ማንጎ አፏ አይገባም አልኩ። ከማንጎ አልፌ ፓፓያውንም ከለከልኳት፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ። አንዳንድ ሾፌር ፓፓያ አስቆርጦ ሲበላ ለእሷም ቁራጭ ይዘረጋላታል። ከእጇ እነጥቃታለሁ። ሰውየው ግራ ገብቶት ያየኛል፤ የምትሸጠውን ለልጇ የማትሰጥ ሴት አይቶ አያውቅማ። ልጄ የምትበላው እንጀራ በሽሮና ዳቦ በሻይ ነበር። ጎመን እናቴ ቤት ስንሄድ ካልሆነ አይሠራም፤ ደረጀ አይወድም። ወተትና እንቁላል በጾም ወቅት ከቤታችን ይጠፋል። ልጅ አይጾምም፣ ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን ለአንዲት ልጅ ብዬ የጾም ድስቴን አላስገድፍም የምትል አማት ባለችበት ቤት፣ ልጁም ሳይታወቅ ይጾማል። ከዓመት በፊት ኩፍኝ ወጥቶባት ከሰውነቷ ብዙ ወስዷል፤ በየጊዜው ለሕፃናት የሚሰጠው የቫይታሚን ጠብታ ደግሞ ከተማው በታወከበት ግርግር ጊዜ ዘመድ ቤት ሸሽተን ስለነበር አምልጧታል። ይህን ሁሉ ያን ጊዜ አንድ ላይ አላሰብኩትም።

በሁለተኛው ሳምንት ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኳት። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ደርሰን እስከ ስድስት ሰዓት ተቀመጥን። ልጄ የተቀመጡትን ሰዎች ጫማ ስትቆጥር ቆየች። ተራችን ሲደርስ ሐኪሙ ጣቱን ከፊቷ እያንቀሳቀሰ ተከተይ አላት፤ ተከተለች። ግድግዳ ላይ ያለውን ስዕል ምንድነው አላት፤ ላም አለች። ወደ እኔ ዞሮ ልጅሽ ከእኔ ይልቅ ታያለች አለኝና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ዓይኗ ትንሽ ደርቋል፣ አቧራ ይሆናል ብሎ ቅባት አዘዘልን። ቅባቱን በሥርዓቱ ቀባኋት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሐኪም ቤት የሚኬደው በቀን ነው፤ የልጄ በሽታ የሚወጣው ሲመሽ ነው። ሐኪሙ ያየው እውነት ነበር፣ እኔም የማየው እውነት ነበር፤ ግን ሰዓታችን አልገጠመም። እኔ ደግሞ ሁሉን ነገር ነገርኩት፣ ትወድቃለች አልኩ፣ ትፈራለች አልኩ፤ «ሲመሽ ብቻ» የምትለውን ቃል ግን አላልኩም። አልጠየቀኝም፣ እኔም አልመጣልኝም።

ቅባቱ አልሠራ ሲል መድኃኒት ቤት ያለው ልጅ የትል መድኃኒት ሰጠን። ሦስት ትል ወጣላት፤ ደስ አለን፣ ተገኘ አልን። ማታ ላይ እንደገና ከበሩ መቃን ጋር ተጋጨችና ግንባሯ አበጠ። ያን ጊዜ እማማ አጸደ ነጠላዋን አጣፍታ ጠበል እንሂድ አለች። ወደ ጣርማ በር የሚወስደውን ዳገት ወጥተን አንድ ጠበል ቦታ ሦስት ቀን አደርን። ለእኛ ለቆላ ሰዎች ብርዱ አይጣል ነው። ሜሮን በየማለዳው እየተንቀጠቀጠች ትጠመቃለች፤ ከተጠመቀች በኋላ ይታይሻል ወይ ስንላት ሁሉንም ታያለች። በእርግጥም ታያለች፣ ጠዋት ነዋ። ማታ ደግሞ ገና ሳይመሽ ደክሟት ትተኛለች። ዳነች ብለን እግዚአብሔርን አመስግነን ተመለስን። ስንመለስ አውቶቡሱ ቁልቁለቱን ሳይጨርስ መሸ። ልጄ ጭኔ ላይ ተቀምጣ ፊቴን በሁለት እጇ ዳበሰችኝና «እማዬ፣ አለሽ?» አለችኝ። አለሁ አልኳት። አማቴም ሰማች።

እኔ ጠበሉ ምንም አላደረገም ብዬ አላስብም። ቢያንስ እንድናስተውል አድርጎናል።

ከዚያ በኋላ ነው ሌሊቱ የከበደኝ። ልጄ ስትተኛ ቁጭ ብዬ አያታለሁ። አንድ ቀን ጠዋት በፀሐይ ፊቷን ሳጥባት በቀኝ ዓይኗ ነጩ ላይ፣ ወደ ጆሮዋ በኩል፣ የሳሙና አረፋ የመሰለ ነጭ ነገር አየሁ። ሳሙና መስሎኝ አጠብኩት፣ አልለቀቀም። በሻሽ ጠረግሁት፣ ተመልሶ መጣ። ለማንም አልተናገርኩም። ስትታወር ታየኝ፤ አስፋልት ዳር እጇን ዘርግታ ታየኝ። አንዱን ቀብሬ አንዷን እንዲህ ላደርጋት ነው ወይ እያልኩ በአንሶላ አፌን ይዤ አለቀስኩ።

ያወጣችኝ ጎረቤቴ እትዬ ዘሃራ ናት። በአጥር ብቻ ነው የምንለያየው፤ በይፋት ከጥንት ጀምሮ የኖሩ ነጋዴዎች ልጅ ናት፣ እድሜዋ ከእናቴ ይበልጣል። በዚያ ዓመት የእነሱም የእኛም ጾም ገጥሞ ነበር። ማታ ስታፈጥር ሁልጊዜ ለሜሮን ቴምር ይዛ ትመጣለች። በዚያን ቀን በሩ ላይ ቆማ፣ ነይ ልጄ ብላ እጇን ዘረጋችላት። ሜሮን በድምፁ ሄደች፤ እጇ ግን ከቴምሩ በስተግራ አየሩን ዳበሰ። እትዬ ዘሃራ እጇን ወደ ቀኝ አዞረች። ልጄም ግራውን ስትፈልግ ቆየች። አሮጊቷ ቴምሩን መዳፏ ላይ አስቀመጠችላትና ወደ እኔ ዞረች።

«ቀን ታያለች?» አለችኝ።

ከእኔና ከእርስዎ ይልቅ ታያለች አልኳት።

«እንግዲያ ይሄ ዳፍንት ነው። እኛ ልጆች ሆነን በየቤቱ ነበር፤ የእኔም እህት ይዟት ያውቃል። ሲመሽ እንደ ዶሮ ቤት ቤት ነው የምትለው። ጉበት አብልተዋት ነው የዳነች።» ትንሽ አሰበችና ቀጠለች፦ «የኛ እርድ ለእናንተ አይሆንም። የእናንተ ልኳንዳ ደግሞ እስከ ፋሲካ ዝግ ነው። እንቁላል ግን አይታረድም፤ ከኔ ድስት ከኔ ቤት ትብላ፣ አማትሽም ድስቷ አይገደፍባትም። ነገ ግን ጤና ጣቢያ ሂጂ። አብሽሪ፣ ኢንሻአላህ ትድናለች። ሲመሽ ነው የማታየው በያቸው፤ ይህን ሳትናገሪ እንዳትመለሺ።»

ያን ማታ ልጄ እትዬ ዘሃራ ቤት ሁለት እንቁላል በላች። እኔ ዳፍንት የሚለውን ቃል ሰምቼው አላውቅም አይደለም፤ የድሮ ሰው በሽታ ይመስለኝ ነበር። እህል የጠፋበት ዘመን በሽታ። ፓፓያ በሚሸጥበት ቤት ይገባል ብሎ ማን ያስባል?

በማግስቱ ጤና ጣቢያው ሳይከፈት ደረስኩ። ወረፋው ረጅም ነበር፤ አንዲት የማላውቃት ሴት ልጄ ግድግዳ ተደግፋ ስታንቀላፋ አይታ ተራዋን ሰጠችኝ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም። የተቀበለችን ነርስ፣ ሲስተር ነው የምንላት፣ ወጣት ናት፤ ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው። ሲመሽ ነው የማታየው አልኳት፣ ገና ሳልቀመጥ። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። የሜሮንን የዓይን ቆብ ገልጣ ያንን አረፋ በባትሪ አየችው፤ ሌላውንም ዓይን አየችው፤ ከዚያ ቀና ብላ፣ በጊዜ መጣሽ አለችኝ። በጊዜ የሚለው ቃል አስለቀሰኝ፤ እኔ የመሸብኝ መስሎኝ ነበር።

እንዲህ ብላ አስረዳችኝ። ዓይን በድንግዝግዝ ብርሃን እንዲያይ ቫይታሚን ኤ የሚባል ነገር ያስፈልገዋል፤ የሚገኘውም ከምግብ ነው። ሲያልቅ መጀመሪያ የሚጠፋው የማታ እይታ ነው። ቀጥሎ ዓይኑ ይደርቃል፣ ያ ነጭ አረፋ ይወጣል። ከዚያም ካለፈ ጥቁሩ ላይ ቁስል ይፈጠርና ዓይኑ ይፈሳል፤ ያን ጊዜ የሚመልሰው መድኃኒት የለም። ሜሮን ሁለተኛው ላይ ነበረች። ሲስተር ቀይ እንክብል አወጣች፣ ጫፉን በመቀስ ቆረጠችና ዘይት የመሰለውን ነገር አፏ ውስጥ ጨመቀችላት። ነገ ሌላ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ሌላ ትወስዳለች አለችኝ። ገንዘብ አልጠየቁኝም።

ከዚያ ምን እንደምትበላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። እንቁላል፣ ወተት፣ ጉበት፣ በዘይት የበሰለ ጎመን፣ ካሮት ብላ መቁጠር ጀመረችና አየችኝ፤ ሁሉንም እንደ ሩቅ አገር ዕቃ ነበር የምሰማው። ስለዚህ ቀለል ያለውን ልንገርሽ አለችኝ። ሆዱ ቢጫና ብርቱካን መልክ ያለው ፍሬ ጥሩ ነው፤ እዚህ አገር ማንጎና ፓፓያ ሞልቷል። «ለመሆኑ ሥራሽ ምንድነው?»

ፓፓያና ማንጎ እሸጣለሁ አልኳት።

ሲስተር አልሳቀችም። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሉት ነገር በእኔ ደረሰ። ከዚያ ስለ ታምራት ነገርኳት፤ ለሰው ሙሉውን ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ሰምታኝ ስትጨርስ፣ ማንጎ ወባ አያመጣም አለችኝ። ማንጎ የሚበስለው ዝናብ ጣል ጣል በሚያደርግበት ሰሞን ነው፣ ውሃ ሲያቁር ደግሞ ቢምቢ ይፈላል፣ ወባ የሚያስይዘው ቢምቢ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ወቅት ስለሚመጡ ሰው ማንጎውን ከሰሰው። ልጅሽን የገደለው የሰጠሽው ፍሬ አይደለም አለችኝ። ወጥቼ አጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ ቆየሁ። ሜሮን እንሂድ እያለች እጄን ትጎትተኛለች።

ቤት ገብቼ ለደረጀ ስነግረው እንክብሉን እሺ አለ። እንቁላሉንም እሺ አለ፤ ከዘሃራ ቤት ከሆነ እማማ አጸደም አልተቃወመችም። ማንጎና ፓፓያ የምትለዋን ስጨምር ግን ሳህኑን አስቀመጠ።

«አንዱን በማንጎ ቀብሬያለሁ» አለ። «ሁለተኛዋን አንቺ እጅ ላይ አላስቀብርም።»

አራት ዓመት የጠበቅሁት ቃል መጣ። ይገርማችኋል፣ አላመመኝም። ወጥቶልኝ ነው የመሰለኝ። እሷንስ አሳውረን ብናኖራት ይሻልሃል ወይ አልኩት። ተነስቶ ወጣ። ለብዙ ቀን ሰላምታችን ለወጉ ያህል ብቻ ሆነ።

እንግዲህ እውነቱን ልናገር፦ ደብቄ ሰጠኋት። መሸጫዬ ላይ፣ ጃንጥላው ሥር፣ መጀመሪያ ፓፓያ። አንድ ቁራጭ በላችና ሌላ አለችኝ። ማታ ማታ ግንባሯን አሥር ጊዜ እዳስሳለሁ። በአራተኛው ቀን ማታ ከምድጃው አጠገብ ያለውን ማንኪያ ሳትዳብስ አነሳችው። እማማ አጸደ ጠበሉ ነው አለች፤ እኔም አዎ አልኳት፤ ከአሮጊት ጋር ለምን እጣላለሁ።

ከዚያ በሳምንቱ ልጄን አተኮሳት።

ደረጀ ግንባሯን ነካ። ቀና ብሎ ሲያየኝ፣ ሰጥተሻታል አለኝ። ሰጥቻታለሁ አልኩት። አልጮኸም። ልጁን በጋቢ ጠቅልሎ አቀፋት፤ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ፣ አሁን ያቺው ነርስሽ ፊቴ ትናገር አለ። በባጃጅ ሄድን። መንገዱ አጭር ነው፤ በሕይወቴ ከሄድኩባቸው ሁሉ የረዘመው ግን እሱ ነው። ነርሷ ልክ ባትሆንስ? እኔስ ሁለቴ ብሳሳትስ? ይህን እያሰብኩ ሜሮንን ከእጁ ልቀበለው ብል አልሰጠኝም።

ከጣቷ ደም ወሰዱ። ውጤቱን ስንጠብቅ ሁለታችንም ቆመን ነበር። ሲስተር መጣችና ወባ የለባትም አለች፤ ጉንፋን ነው። ደረጀ ግን ሊወጣ አልቻለም። ኮፍያውን አውልቆ፣ ሲስተር ይቅርታ፣ የመጀመሪያው ልጃችን ማንጎ በልቶ ነው የሞተው፤ ይህን አንቺ አላየሽም አላት። እሷም ለእኔ የነገረችኝን ያለ መሰልቸት ደግማ ነገረችው። ከዚያ፣ ያን ጊዜ ቤታችሁ አጎበር ነበር ወይ ብላ ጠየቀችው።

የባሌ ፊት አመድ መሰለ። ነበር አለ። ሲስተርም ፊቱን አይታ ይመስለኛል፣ አጎበር ተሰቅሎም ልጅ በወባ ይያዛል፣ ማን በምን እንደተያዘ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው፣ ከእንግዲህ የምታደርጉትን አድርጉ አለችን።

ስንመለስ በእግራችን ነበር። ሜሮን ትከሻው ላይ ተኝታለች። ከወንዙ ድልድይ ላይ ስንደርስ ቆመ።

«አጎበሩን እኔ ነኝ ያነሳሁት» አለኝ። «በዚያ ግንቦት። የሽንኩርት ችግኙን ዶሮ ጫረብኝ ብዬ መደቡን አለበስኩበት። አንቺ አልጋው ላይ ይሁን ብለሽኝ ነበር።»

ብዬው ነበር። ረስቼዋለሁ። በእኛ አገር አጎበር ለችግኝ የማያለብስ ገበሬ የለም፤ ጎረቤቱ ሁሉ አልብሶ ነበር፣ የእነሱ ልጆች ደግሞ በሕይወት አሉ። ይህንኑ ነገርኩት። ነርሷ ያለችውንም አስታወስኩት። ክንዱን ያዝኩት፤ እንደዚያው ሆነን ቤት ገባን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሦስተኛውን እንክብል ስትወስድ ሦስታችንም ነበርን። አረፋው ቀንሷል፤ ትንሽ ምልክት ቢቀርም እይታዋን አይነካም ተባልን። ለፋሲካ ከጉበቱ የመጀመሪያውን ቁራጭ እማማ አጸደ ራሷ አጉርሳታለች፤ ከዚያ ወዲህ ለልጅቷ ለብቻዋ ትንሽ ድስት ገዝታ ጓዳ ሰቅላለች። በጾምም ያቺ ድስት ሥራ አትፈታም። ጎመንም በዘይት እናበስላለን፤ ደረጀ አሁንም አይወድም፣ ግን ይበላል።

እናንተ እናቶች፣ አባቶችም፣ ልጃችሁ ሲመሽ ከዕቃ ጋር ከተጋጨ አትምቱት። ቀን ያያል ብላችሁ አትዘናጉ። ሐኪም ፊት ስትቀርቡ የሚያመው በስንት ሰዓት እንደሆነ ተናገሩ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ እንዲሉ፣ በጊዜ የደረሰ ዓይን ይመለሳል። የምትሸጡትን ፍሬ ደግሞ ለልጃችሁ ቀድማችሁ ቁረጡለት፤ ልጁም አጎበር ሥር ይደር።

አንድ ነገር ነግሬያችሁ ላብቃ። ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ባለ አንድ ቀን ደረጀ ከማሳ ተመልሶ፣ ከሳጥኔ አንድ የበሰለ ማንጎ አነሳ። ምንም አላለኝም። የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠና ሜሮንን ጠርቶ ከፊቱ አስቀመጣት። ማንጎውን ራሱ ላጠው፤ በቢላዋ ጫፍ እየቆረሰ አጎረሳት። መብራት የለም። ፀሐይ ከጠለቀች ቆይታለች፤ እኔ ጎኑ ተቀምጬ ያልተሸጠውን ፓፓያ በዳበሳ እየለየሁ ነበር። ልጄ መብላቷን አቆመች። አንገቷን ቀና አድርጋ ፊቱን አየችው።

«አባዬ፣ ለምንድነው የምታለቅሰው?» አለችው።

እኔ ማልቀሱን አላየሁም ነበር።